ኩባያዬ ላይ ያሰርኩት ቀይ ክር

ይህን ነገር የንስሐ አባቴ እንኳ አያውቁትም። ሌላውን ኃጢአቴን በስልክ ተናዝዣለሁ፤ የገደፍኩትን ጾም፣ ያማሁትን ሰው፣ በማዳሜ ላይ ያወረድኩትን እርግማን፣ ሁሉንም። ወደዚህኛው ስደርስ ግን "አባ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" እልና እዘጋዋለሁ። ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ስልክ ይጠለፋል እያልኩ ነበር ራሴን የማታልለው። ለመሆኑ ማን ሥራ ፈቶ የእኔን ንስሐ ይጠልፋል? ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማላውቃችሁ ነው፤ ፊታችሁን ስለማላይ ነው። እንዲያም ሆኖ አሁንም እየፈራሁ ነው።

ጠርጣራ ሰው ነኝ። ዓርብ ዓርብ፣ እዚህ ዓረብ አገር፣ ፋሐሂል የሚባል ሰፈር ከአገሬ ልጆች ጋር ስንገናኝ "ይቺ እኮ ጥላዋንም መታወቂያ ትጠይቃለች" እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጠርጣራነቴ ሰው እንደበላ ግን አያውቁም።

አሁን የምሠራው ፊንጣስ ነው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ቤት። ያኔ ግን ሱራ የሚባል ሰፈር ነበርኩ፤ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት፣ አራት ልጆች፣ አንዲት ጩኸት የማይሰለቻት ማዳም። እኔ ወጥ ቤቱን ይዣለሁ። ደረጃውን፣ ልብሱን፣ ልጆቹን የያዘችው አስካለ ናት። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ፣ እሷ ሃያ ሁለቷ። ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አብረን እንተኛ ነበር፤ አንድ ኤሲ፣ ሁለት አልጋ፣ የማይከፈት መስኮት። ስትመጣ አንድ የዓረብኛ ቃል አታውቅም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ማዳም ስትጮህባት ዞራ እኔን ታየኛለች፣ እኔ የነገርኳትን ትሠራለች። "እታለም ካለች አለቀ" ትል ነበር። እታለም እኔ ነኝ። ምን አይታብኝ እንደዚህ እንዳመነችኝ እስካሁን አይገባኝም።

ሳሉ የጀመራት በመጣች በአምስተኛው ወር ነው። መጀመሪያ ኤሲው ነው አልን። ከዚያ ቀሚሷ ሰፍቷት ወገቧ ላይ በመርፌ ቁልፍ ትይዘው ጀመር። በዚያ ሁሉ የኤሲ ብርድ ውስጥ ትራሷ በላብ ርሶ ያድራል። ከሰዓት በኋላ ጉንጯ ይቀላል፣ ዓይኗ ይቦዛል። አንድ ቀን የልጆቹን ልብስ እያጣጠፍን ሳል ይዟት ሶፍቷን ዘርግታ አሳየችኝ። የምስር ክክ የምታህል ደም።

"እታለም፣ ይሄ ምንድነው?" አለችኝ።

"ድድሽ ደምቶ ይሆናል" አልኳት። ምላሴን ይቁረጠው! ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቄዋለሁ።

እንዴት አወቅሽ ትሉኛላችሁ። እኔም ታምሜው ነበራ! በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ወልዲያ አጠገብ፣ እናቴ ቤት። ሳል፣ ላብ፣ ክሳት፣ ያቺው ምስር የምታህል ደም። ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ፣ አክታዬን መረመሩ፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው አሉ። ስድስት ወር በየማለዳው እዚያ እየሄድኩ ሲስተሯ ፊት ኪኒን እውጣለሁ። "አፍሽን ክፈቺ። ምላስሽን አንሺ" ትለኛለች፤ ደብቄ እንዳልተፋው። አንድ ቀን ከቀረሁ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤት ድረስ መጥታ በሰፈሩ ፊት ስሜን ትጠራለች። አዳኑኝ፤ ልቅም አድርገው አዳኑኝ። ነገር ግን ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። እናቴ ወንድሞቼ በእኔ ኩባያ እንዳይጠጡ ብላ ጆሮው ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ከዚያ ክር ላይ ነው። ሊያጨኝ ሽማግሌ ልኮ የነበረው ልጅም እንደዚያው ቀረ። በሽታው በስድስት ወር ለቀቀኝ፣ ክሩ ግን አልለቀቀኝም።

ወደ ዓረብ አገር ልሄድ ስል ደግሞ ደላላው "ደረት ላይ ጠባሳ ከተገኘ አለቀ፣ አትበቃም ብለው ይጽፉብሻል" አለኝ። አዲስ አበባ ራጅ ተነሣሁ፣ አለፍኩ። እዚህም ስደርስ አሻራ፣ ደም፣ እንደገና ራጅ፤ አለፍኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለዋል። እኔ ግን አላመንኩም። ሳያዩት ነው ያለፍኩት አልኩ። የደረቴ ፎቶ አንድ ቦታ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። አገር ቤት ሐኪም ቤት የሚያይሽ ሰው ነው፤ ያይሻል፣ ይታዘብሻል፣ ያወራልሻል። እዚህ የሚያይሽ ማሽን ነው፣ ማሽን ደግሞ አይረሳም። እንደዚህ ነበር የማስበው። የማንም ሐኪም ነጭ ጋዎን ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

ስለዚህ ያቺን ደም ባየሁ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አስካለ አይደለም። ስለ ራሴ ነው። እሷ ከተያዘች የቤቱን ሰው ሁሉ ይመረምራሉ፣ እኔንም ራጅ ያነሡኛል፣ ያ ፋይል ይከፈታል፣ በአውሮፕላን ጭነው ይሰዱኛል። ይህን ሁሉ ለማሰብ የልጅ ካልሲ አጣጥፌ እስክጨርስ ብቻ በቂ ነበር።

በማግስቱ ከማዳም የልብስ ስፌት ሣጥን ቀይ ክር ወስጄ ኩባያዬ ጆሮ ላይ አሰርኩ። የታመመችው እሷ፣ ክሩ ግን በእኔ ኩባያ ላይ። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ "ከሾፌሩ ኩባያ ጋር እንዳይቀላቀልብኝ ነው" አልኳት።

"ለእኔም እሰሪልኝ እንጂ! አንድ ዓይነት እንሁን" አለችኝ እየሳቀች።

አሰርኩላት። የኔን በአንድ ቋጠሮ፣ የእሷን በሁለት፤ እንዳልሳሳት። እናቴ ያሰረችብኝን ክር እየረገምኩ ያደግኩ ሰው፣ በእጄ ለሌላ ሰው አሰርኩ። ቢያንስ እናቴ በግልጽ ነው ያሰረችው።

ሳሉ እየበረታ ሲሄድ ማዳም ራሷ ናት ክሊኒክ ትሂድ ያለችው። "አንቺ ዓረብኛ ትችያለሽ፣ አብረሻት ሂጂ" ብላ ከሾፌሩ ጋር ላከችን። እኔ ምን ሴራ ሸርባ ይሆን እያልኩ ነው የሄድኩት። የሰፈሩ የመንግሥት ክሊኒክ፣ እዚህ ሙስተውሰፍ የሚሉት፣ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ነው። ቁጥራችን ተጠራ፣ ገባን። ሐኪሙ ግብፃዊ ነው፣ ሽበታም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ። አስካለን ወንበር ላይ አስቀመጣት፣ እኔን ከጎኗ አቆመኝ።

"ሳሉ ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆናት?" አለኝ በዓረብኛ።

"ዮሜን" አልኩት። ሁለት ቀን ማለት ነው።

መነጽሩን አወረደ። የአንገቷን አጥንት አየ፣ ወገቧ ላይ ያለችውን መርፌ ቁልፍ አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። "ስንት?"

"ዮሜን።"

"ደም አይታለች?"

"ላ። የለም።"

"ኪሎ ቀንሳለች?"

"ድሮም ቀጭን ናት።"

"አብሯት ከሚኖር ሰው፣ ወይም ከቤተሰብ፣ የሳንባ በሽታ ታሞ የሚያውቅ አለ?"

ይህን ሲጠይቀኝ ዓይኔን ዓይኔን እያየኝ ነበር። ክው አልኩ። አወቀብኝ አልኩ በሆዴ። ማን ነገረው? ማዳም ናት? ፋይሉን ከፍቶት ይሆን? ዓይኔን በጨው ታጥቤ "ላ ወላሂ" አልኩት። በእግዚአብሔር ማልኩ። በሰው ቋንቋ ስለማልኩ እግዚአብሔር የማይሰማኝ መስሎኝ ነበር መሰለኝ።

አስካለ አንዴ እሱን አንዴ እኔን እያየች በየመሐሉ አንገቷን ትነቀንቃለች፣ እኔ የምለውን ለማጽናት። እግዜር ያሳያችሁ።

ሐኪሙ ጀርባዋን ረጅም ጊዜ አዳመጠ። አላመነኝም። ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈና ሁለት ወረቀት ሰጠኝ፤ አንዱ የሳል ሽሮፕ፣ አንዱ የራጅ። "ሁለት ቀንም ይሁን ሁለት ወር፣ ነገ ጠዋት ደረቷን ራጅ ትነሣ። አደራ" አለኝ። ያ ሰው እንደኔው ጠርጣራ ነበር። ልዩነታችን እሱ የጠረጠረው በሽታውን ነው፣ እኔ የጠረጠርኩት እሱን ነው።

ኮሪደሩ ላይ አስካለ ክንዴን ያዘችኝ። "ምን አለ እታለም?"

"ብርድ ነው አለ። የኤሲ ብርድ።"

"ስለ ደሙ ነገርሽው?"

"ነገርኩት። ጉሮሮዋ ተልጦ ነው አለ።"

"ይቺኛዋ ወረቀትስ?"

"እሷም የሽሮፑ ናት።"

"ተመስገን!" ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ። "እኔማ ሌላ ነገር መስሎኝ ነፍሴ ወጥታ ነበር።"

ቤት ስገባ የራጁን ወረቀት ቀድጄ የድንች ልጣጭ ሥር ቀበርኩት። ብዙ ውሸት ዋሽቻለሁ በሕይወቴ፤ ያን ወረቀት ግን በእጄ ነው የቀደድኩት። በአፍ የወጣ ነገር ስሜት አሳስቶኝ ነው ይባላል። ወረቀት መቅደድ ምን ይባላል? አራት ቦታ ቀደድኩት፣ ከዚያም ስምንት ቦታ።

ከዚያ በኋላ ደግ ሆንኩላት። ዝንጅብል አፈላላታለሁ፣ ማር እገዛላታለሁ፣ የሁለተኛውን ፎቅ ደረጃ እኔ እወለውልላታለሁ። "አንቺ ባትኖሪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር" ስትለኝ ማር እጨምርላታለሁ። የአልጋዬን ራስጌ ወደ በሩ አዞርኩት። ነጠላዬን አፌ ላይ ጠምጥሜ መተኛት ጀመርኩ። ያላወቀ ሰው እንዲህ ያደርጋል? ንገሩኝ እስቲ! አላወቅኩም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ መንገዱን ሁሉ ራሴ ዘግቼዋለሁ።

ይባስ ብሎ እሷንም መጠርጠር ጀመርኩ። ከሾፌሩ ጋር በእጅ ምልክት ስታወራ ሳይ ስለ እኔ ነው እላለሁ። ኩባያዋን ስታጥብ ቆም ብላ ቋጠሮዎቹን ያየቻቸው ይመስለኛል። ልጅቷ እየሟሟች፣ እኔ እሷን እሰልላለሁ።

አራት ወር ቆየች በዚህ ሁኔታ። አንድ ቀን እንግዶች መጥተው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የሻይ ትሪ ይዛ ወደ ላይ ስትወጣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ትሪውን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች፣ አንድ ብርጭቆ አልሰበረችም። ከዚያ ሳለች። ነጩ እብነ በረድ በደም ተሸፈነ። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ጭልፋ ይዤ ቆሜ አየሁ።

ማዳም በባዶ እግሯ ሮጣ ወረደች። አሁን አውጡልኝ ትላለች፣ ወደ ኤጀንሲ መልሷት ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ደሙ ላይ ተንበርክካ የአስካለን ጭንቅላት ደገፈች። ከሾፌሩ ጋር ተሸክማት መኪና ውስጥ ገባች። እንግዶቿን ትታ እስኪመሽ ሆስፒታል ዋለች። ስትመለስ አባያዋ ደም ነክቶት ነበር።

"ክሊኒክ የወሰድሻት አንቺ ነሽ። ሐኪሙ ምን ብሎ ነበር?" አለችኝ።

"ብርድ ነው አለ ማማ።"

ሐኪሙን ረገመችው። ከስድስት ልጆቹ ጋር ረገመችው፣ ልጅ ይኑረው አይኑረው ሳታውቅ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ትክክል የጠረጠረውን፣ አደራ ያለኝን ሰው አስረገምኩት። ክስ አቅርባበት ይሁን፣ የጻፈው ነገር ከኮምፒውተሩ ተገኝቶ ነፃ ይውጣ፣ አላውቅም። ብጠይቅ ይነቃብኛል ብዬ አልጠየቅኩም።

በሳምንቱ የቤቱን ሰው ሁሉ መረመሩ። ልጆቹ ደህና ናቸው። እነሱን እግዜር ጠበቃቸው እንጂ እኔ አልጠበቅኳቸውም። ተራዬ ደርሶ መስቀሌን አውልቄ ማሽኑ ፊት ቆምኩ። አንዲት ወጣት ሐኪም ፎቶውን አየችና "ድሮ ታመሽ ነበር?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ። በመጨረሻ አንድ እውነት።

"ታክመሻል?"

"ስድስት ወር።"

"ጥሩ አክመውሻል። የዳነ ጠባሳ ብቻ ነው። ኸላስ፣ ሂጂ" ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ሂጂ! በቃ፣ ሂጂ! ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ለዚህ ነው እንግዲህ አስካለን የሰጠሁት። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሰዎች ክፉ ነገር የነገሩኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

አስካለን አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ ጠየቅኳት። በመስታወት ነው ያየኋት። ነርሷ ጸጉሯን ጎንጉናላታለች። እኔ የፈራሁት ሆስፒታል አልጋ ሰጣት፣ መድኃኒት ሰጣት፣ ሰው አድርጎ ያዛት። ስታየኝ ተነሥታ ለመቀመጥ ሞከረች፤ ከዚያ በጣቷ ወደ እኔ አመለከተች፣ ደረቷን መታ መታ አደረገች። አንቺስ ተመረመርሽ ማለቷ ነው። በመስታወቱ ማዶ ሆና ስለ እኔ ትጨነቃለች። ሁለተኛ አልሄድኩም።

ሲሻላት የቀረውን መድኃኒት አገሯ እንድትጨርስ ወረቀት ይዛ ተሸኘች። ቀኝ ሳንባዋ ግን አልተመለሰም፤ ቶሎ ቢደረስበት ኖሮ ይድን ነበር ብለዋታል። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው አሁን። ጀሪካን አታነሣም፣ ዳገት አትወጣም። በስልክ ስታወራ እንኳ ዐረፍተ ነገሩ መሐል ቆማ ትተነፍሳለች። በዓል በመጣ ቁጥር ትደውልልኛለች። እኔ ሥራ ይዣለሁ እላለሁ።

ያለፈው ሳምንት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፣ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት።

"እታለም፣ እንደምን አለሽልኝ?" አለች። ተነፈሰች። "እኔ ደህና ነኝ። ጤና ጣቢያችን እየሄድኩ ወረፋ የሚጠብቁትን ሰዎች አዋራለሁ፤ ሳላችሁ ስንት ጊዜ ሆነው እያልኩ። ያፍራሉ፣ ይዋሻሉ። ያኔ የእኔን እነግራቸዋለሁ።" ተነፈሰች። "አንቺን በስም አላነሣሽም፣ አትስጊ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዮሜን ማለት ሁለት ቀን እንደሆነ ያኔም አውቅ ነበር። ማዳም ልብሱ በዮሜን ይድረስ ስትል እሰማት ነበር እኮ። ለሐኪሙ ዮሜን ስትይው ገርሞኝ ነበር። ግን እታለም ዝም ብላ አትልም፣ ከሆነ ነገር ልታድነኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ።" ረጅም ተነፈሰች። "ከምን ልታድኚኝ እንደነበር እስካሁን ሳስበው አይመጣልኝም። ብትነግሪኝ ብዬ ነው። ሰላም ሁኚልኝ።"

ሰባት ጊዜ ሰማሁት። ስድስት ዓመት ሁሉንም ስጠረጥር፣ ሐኪሙን፣ ማዳምን፣ ሾፌሩን፣ ማሽኑን፣ እሷንም፣ መጠርጠር የነበረባት አንዷ ሰው ጠረጠረችኝ? አልጠረጠረችኝም። አሁንም አልጠረጠረችኝም። መልእክቱን እንዳዳመጥኩት ምልክቱ ይታያታል፣ መልስ አልሰጠሁም። ለእናንተ መናገር የጀመርኩት ለእሷ የምለውን ለመለማመድ ነው። ይህን ስጨርስ ያው ስልክ ላይ የድምፅ ቁልፉን እጫናለሁ። ኔትወርክ አይቆራረጥም።

አስካለ፣ ከምንም ላድንሽ አልነበረም። ራሴን ነው ያዳንኩት፣ ያውም ከሌለ ነገር። ፈርቼ ነው አልልሽም፤ አንቺም ፈርተሽ ነበር፣ ግን አልዋሸሽም። ኩባያሽ ላይ ሁለት ቋጠሮ ያሰርኩት ላለመሳሳት ነው። ይቅርታ ብጠይቅሽ ወዲያው ይቅር እንደምትዪኝ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አልጠይቅሽም። ለሚቀጥለው ሰው ስትነግሪው ስሜን ጥሪው። ያን ዕለት ሳልሽ ሁለት ቀኑ አልነበረም። ሁለት ወር ከአሥር ቀኑ ነበር። እያንዳንዱን ቀን አውቄዋለሁ።